እታለሜን ፊስቱላ ሆስፒታል ወስጄ ያየሁት

ከወሊድ በኋላ ቤቷን ዘግታ የቀረች፣ ማኅበር የተወች፣ ልቅሶ የማትደርስ ሴት በአካባቢያችሁ ካለች፣ ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እሷ ላታነበው ትችላለች። እናንተ አንብባችሁ ንገሯት።

የማወራው ስለ ፊስቱላ ነው፣ ምጥ ሲረዝም ስለሚመጣውና ሽንትን ያለማቋረጥ ስለሚያፈሰው የወሊድ ጉዳት። አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከባለቤታቸው ጋር ስላቋቋሙት ሐኪም፣ ስለ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንም ነው። ሁለቱን ነጣጥዬ ማውራት አልችልም።

እታለሜ የአክስቴ ልጅ ናት። ምሥራቅ ጎጃም አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ትበልጠኛለች። አዝላኛለች፣ ሹሩባ ሠርታኛለች። እኔ ለትምህርት ከተማ ስገባ እሷ ተዳረች። ትክክለኛ ስሟን አልጽፍም። ታሪኩን ግን "ጻፊው፣ የሚጠቀምበት አይጠፋም" ብላኛለች።

የመጀመሪያ ልጇን ያማጠችው ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን አለፈ። ሌሊቱም አለፈ። ሴቶቹ "የበኩር ልጅ ነው፣ ይቆያል" አሉ። ማርያም ማርያም እያሉ አብረዋት አደሩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሷት። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ልጁ ሞቶ ነው የወጣው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መኝታዋ ረጥቦ ነቃች። መጀመሪያ የአራስ ነገር መሰላቸው። እያደር ግን ሽንቷ ሌትም ቀንም የሚፈስ ሆነ። አንድ እግሯም አልታዘዝ አላት። ስትራመድ የእግሯ ጣቶች መሬት ይጎትታሉ።

የሆነው ይሄ ነው። ምጡ ሲረዝም የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። በጭንቅላቱና በአጥንቱ መሀል የተጨፈለቀው የሽንት ፊኛ ደም አያገኝም። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ ያ የሞተው ቦታ ይወድቅና ቀዳዳ ይተዋል። ሽንቱ በዚያ በኩል ወደ ብልት ይወርዳል። አንዳንዷ ላይ በሰገራ በኩልም ይከፈታል። እግሯ የሰነፈውም በዚያው ጫና ነርቭ ስለተጎዳ ነው። እርግማን የለበትም። ቡዳ የለበትም፣ ምች የለበትም። እሷ ያጠፋችው ነገርም የለም።

ይሄንን የሚነግራት ግን አልነበረም። ባሏ ለወራት ታገሠ፣ ከዚያ ወደ እናቷ ቤት ሸኛት። አክስቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ትንሽ ጎጆ አሠራችላት። በክፋት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ልጄ አትሳቀቅ ብላ ነው።

ለፋሲካ ስሄድ አጥሩ ላይ የተሰጡትን ጨርቆች አየሁ። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አለ። የአቡጀዲ አለ። የስኳር ጆንያ ሳይቀር ተቀዶ ታጥቦ ተሰጥቷል። ጎጆዋ ውስጥ መደቡ ላይ ገለባ ተነጥፏል፣ ከገለባው ሥር አመድ። አመዱን ጠዋት ጠዋት ትቀይራለች። እንሥራው ጥግ ላይ ሙሉውን ተቀምጧል። ውሃ አትጠጣም ነበር። "ካልጠጣሁ አይመጣም" አለችኝ።

እዚህ ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ውሃ መተው ፍሳሹን አያቆመውም። ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ጭኗና ብልቷ ይቆስላል፣ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ፊስቱላ ያለባት ሴት እንደውም በደንብ መጠጣት አለባት። ሕክምና እስክታገኝ ድረስ ልታደርጉላት የምትችሉት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ውሃ ስጧት። መታጠቢያ ስጧት። ለተላላጠው ቆዳዋ ቫዝሊን ስጧት። አብራችኋት ብሉ።

ጸበል ሄዳለች። የእኔም እምነት ነው፣ አልነቅፍም። አክስቴን በመጨረሻ ያሳመኑልኝም የንስሐ አባታችን ናቸው። "ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፣ ልጅቷን ልቀቂያት ትሂድ" አሏት። ቤተሰብ እምቢ ካላችሁ የንስሐ አባቱን ያዙ። ሙስሊም ከሆኑ ሼኹን። ከማናችንም በላይ እነሱ ይሰማሉ።

አክስቴ የፈራችው ገንዘቡን ነበር። "በሬውን ልሽጥ እንዴ?" አለችኝ። በነጻ ነው ስላት አላመነችም። እውነቴን ነበር። ምርመራው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም በነጻ ነው። መናኸሪያ አካባቢ "እኔ አስገባታለሁ፣ ለካርድ ይሄን ያህል ክፈሉ" የሚል ሰው ገጥሞን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ለማንም አንድ ብር አትስጡ።

እታለሜ የፈራችው ደግሞ አውቶብሱን ነው። ይሄን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ብዙዋ ሴት የምትቀረው ሕክምና ጠልታ ሳይሆን መንገዱን ፈርታ ነው። ከአርባና ሃምሳ ሰው ጋር፣ ግማሽ ቀን፣ ሽንቷ እየፈሰሰ መቀመጥ አለባት።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። አዲስ አቡጀዲ ገዝተን በሦስት በአራት አጥፈን ሰፋነው። ከሥሩ ላስቲክ አደረግን። የወንበሩም ላይ ሌላ ላስቲክ አነጠፍንና በነጠላ ሸፈንነው። ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለበሰች። ቅያሪ ጨርቅና ቀሚስ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሳሙናና ለእርጥቡ ጨርቅ ወፍራም ፌስታል ያዝን። በመስኮት በኩል ሁለት ወንበር ቆረጥኩ። ረዳቱን ለብቻው ጠርቼ "ሕመምተኛ ናት፣ መንገድ ላይ አቁምልን" አልኩት። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሳይነጫነጭ አቆመልን። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረና ሽታው ተሰማ። ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። እታለሜ አየች። እጄን ጭብጥ አደረገችኝ። መስኮቱን ከፈትኩና ጋቢዬን ጉልበቷ ላይ ደረብኩላት። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ያን ሁሉ ጊዜ ስትፈራው የኖረችው ነገር ይሄው ነበር።

አሁን መንገዱ እንደዚያን ጊዜ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አካባቢውን የሚያውቅ ሹፌር ጠይቁ። የግድ አዲስ አበባ መምጣትም የለባችሁም። ከአዲስ አበባው ሌላ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከላት አሉ። እኔ አዲስ አበባ ያመጣኋት ቤቴ እዚህ ስለሆነ፣ እየተመላለስኩ ልጠይቃት ነው። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። ሪፈር ይጽፉላችኋል።

ግቢው ገብተን አልጋ እንደያዘች አንዲት ረዳት ነርስ መጣች። እታለሜ አልጋውን ላለማርጠብ ጫፉ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ሴትዮዋ አጠገቧ ጥብቅ ብላ ተቀመጠች። አፍንጫዋን አልያዘችም፣ ፊቷን አላዞረችም። "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ" አለቻት። እዚያ ከሚሠሩት ረዳቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ናቸው። እታለሜ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአገሩ ሙሉ ይሄ የደረሰባት እሷ ብቻ ነበር የሚመስላት።

ዶክተር ካትሪንን በአካል አላገኘኋቸውም። እኛ ስንሄድ አርፈው ነበር። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነገር ሁሉ የእሳቸውና የባለቤታቸው የዶክተር ሬጂናልድ እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ታሪካቸውን እታለሜ ኦፕራሲዮን ስትጠብቅ ባሳለፍኳቸው ቀናት ከነርሶቹ እየጠየቅሁ፣ ቤት ስገባ እያነበብኩ ሰበሰብኩት።

ዶክተር ካትሪን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1924 አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ነው። ባለቤታቸው የኒውዚላንድ ሰው ናቸው። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ያያሉ። አዲስ አበባ ላይ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በእኛ 1951 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ኮንትራታቸው የሦስት ዓመት ነበር። የተመደቡት ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነው።

ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ያዩት እዚያ ነው። የመጡበት አገር ይሄ በሽታ ጠፍቶ ስለነበር ከዚያ በፊት አክመው አያውቁም። መጽሐፍና መጽሔት እያገላበጡ፣ ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች እየጠየቁ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። አንዷ ስትድን ወሬው ገጠር ደረሰ። ሴቶቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በአውቶብስ መምጣት ጀመሩ። ችግሩ ሌላው ሕመምተኛ ሽታውን አለመቻሉ ነበር። በጋራ ክፍል ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ግቢ ማደሪያ ተሠራላቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነሱ ብቻ የሆነ ሆስፒታል ተከፈተ።

ዓመቱን አስተውሉት። የአብዮቱ ዓመት ነው። ብዙ የውጭ አገር ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ እነሱ ሆስፒታል ከፈቱ። በደርግም ዘመን እዚሁ ቆዩ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱም ዶክተር ካትሪን አልሄዱም። ኑሯቸው እዚያው የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ያረፉትም አዲስ አበባ ነው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ96 ዓመታቸው። ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነበር። ለሦስት ዓመት የመጣች አንዲት ወጣት ሐኪም ስድሳ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች። በእነዚህ ዓመታት እሳቸው ባቆሟቸው ሆስፒታሎች ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ዜግነት ሰጥቷቸዋል። ለእኔ ግን ከዚያ በፊትም የእኛ ነበሩ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ለቀናት ካማጠች በኋላ ወደ ሐምሊኖች የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እየታከመች አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎቹን ማስታመም ጀመረች። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ታቀብል ጀመር። ዶክተሮቹ እጇን አዩትና አስተማሯት። ይህች ሴት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። ዲግሪ ያላቸው ሐኪሞች ከሷ እየተማሩ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር አብሮ የወርቅ ሜዳልያ ሸልሟታል። አንድ ሐኪም ሺህ ሰው ቢያድን ትልቅ ነገር ነው። ያዳነውን ሰው አጠገቡ አቁሞ ሙያውን ሲያካፍለው ግን ሥራው ከዕድሜው በኋላም ይቀጥላል። እታለሜ አጠገብ የተቀመጠችው ረዳት ነርስ የመጣችው ከዚህ ልማድ ነው።

ወደ እታለሜ ልመለስ። ወዲያው ኦፕራሲዮን አልተደረገችም። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማየት ፊኛዋ ውስጥ ቀለም ያለው ውሃ አስገብተው መረመሯት። ደሟ አንሶ ስለነበር ምግብና መድኃኒት ተሰጣት። ለእግሯ ፊዚዮቴራፒ ጀመሩላት። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። "ለምን ዘገዩ" ብላችሁ ይዛችኋት እንዳትወጡ። ፊስቱላ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የመዳን ዕድሉ ከሁሉም ይበልጣል። ተበላሽቶ እንደገና ሲሠራ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሐኪም ጋ መድረሷ፣ ተዘጋጅታም መግባቷ ዋጋ አለው።

ማደንዘዣው ከወገብ በታች ነበር። ከኦፕራሲዮን ስትወጣ ነቅታ ነው፣ አወራችኝ። ሽንቷ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ቱቦው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለባት፣ ውሃ መጠጣት። ያቺ ውሃ የፈራች ልጅ ኩባያውን ከእጇ አላስቀምጥም አለች። አስታማሚ ከሆናችሁ ዓይናችሁን ከቱቦው አታንሱ። እንዳይታጠፍ፣ ሰውነቷ እንዳይጫነው፣ እንዳይዘጋ። ከረጢቱ ውስጥ መውረዱን ካቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ነርስ ጥሩ። ፊኛው ከተወጠረ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል።

ቱቦው የወጣ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልክ ደወለች። "ደረቅ ነኝ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ስታስል ወይ ስትስቅ ትንሽ ትንሽ ያመልጣት ነበር። ይሄ ብዙዎቹ ላይ አለ። ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሳዩዋቸዋል። ሁሉም ሴት ግን ሙሉ በሙሉ ትድናለች ብዬ አልዋሻችሁም። ጉዳታቸው ከባድ የሆነና ሽንታቸው በሌላ መንገድ እንዲወጣ የሚደረግላቸው አሉ። እነሱ ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋሉ። ለእነሱ ዶክተር ካትሪን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደርን አቋቋሙ። ሙያ ይማሩበታል፣ ሠርተው ይኖሩበታል። ሐኪሙ የማይችለው ነገር ላይ ሲደርስ ሕመምተኛዋን አልጣላትም።

ስትወጣ እንደ ደንቡ አዲስ ቀሚስ ተሰጣት። እኔም የገዛሁላት ነበረኝ። የኔን ሻንጣ ውስጥ ከታ የሆስፒታሉን ለብሳ አገር ቤት ገባች።

የወጣችበትን መመሪያ እዚህ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ቤት ስትገባ የሚረሳው እሱ ነው። ለሦስት ወር ግንኙነት የለም። ከባድ ነገር አትሸከምም፣ እንሥራም ሆነ እንጨት። ቢያንስ ለአንድ ዓመት አታረግዝም። ስታረግዝ ክትትሏ ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል። የምትወልደው ሆስፒታል፣ በኦፕራሲዮን ነው። እንደገና በምጥ ከወለደች የተሰፋው ሊቀደድ ይችላል። ይሄን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏም ለአማቷም ንገሩ። ቢቻል ነርሷ ራሷ ትንገራቸው።

እታለሜ ሌላ ሰው አገባች። ስታረግዝ ጤና ጣቢያው ውስጥ የተከታተለቻት አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ምሩቅ ነበረች። ዶክተር ካትሪንና ባለቤታቸው መጀመሪያ የመጡበት ጉዳይ አዋላጅ ማሠልጠን ነበር አላልኩም? ያ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከመጡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። የገጠር ልጆችን ወስዶ ያስተምርና ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። ልጅቷ የእታለሜን ታሪክ ካርዱ ላይ እንዳየች ቀኑን ቆጠረች። ቀኗ ሳይደርስ የእናቶች ማቆያ አስገባቻት። በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄዳ በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ልጅ።

እታለሜ አሁን አራስ ጥየቃ ስትሄድ ገንፎውን ከመቅመሷ በፊት አራሷን ለብቻዋ አድርጋ "ሽንትሽ እንዴት ነው?" ትላታለች። ምጧ ረዝሞ ከወለደች ደግሞ በሳምንቱ ተመልሳ ትጠይቃለች። ይሄ ጥያቄ ለምን እንደሚጠቅም ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት፣ ቱቦ ብቻ ተደርጎ ፊኛው አርፎ ከቆየ ራሱ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ አራስ ሽንቴ አመለጠኝ ካለቻችሁ አርባ ቀኗን፣ ሰማንያ ቀኗን አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዷትና ስለ ፊስቱላ ጠይቁ።

ባለፈው ዓመት ከእታለሜ ቤት ወንዝ ማዶ አንዲት ልጅ ከሁለት ቀን ምጥ በኋላ ወለደች። እታለሜ ጠየቀቻት። ልጅቷ አፍራ ዝም አለች። እታለሜ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የኦፕራሲዮኗን ጠባሳ አሳየቻትና የራሷን ነገረቻት። በማግስቱ አብረው ሄዱ። ቱቦ ተደረገላት፣ ለሳምንታት ቆየች፣ ቀዳዳው ያለ ኦፕራሲዮን ገጠመ።